ሀዘን እና የሆስፒታል ዕዳ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እናድርግ?

የዛሬው ጽሁፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ቤታችሁ ሀዘን ካለ አስቀድሜ እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ እላለሁ።

በቅርቡ ተመላላሽ ክፍል ስሰራ አንዲት በሰላሳዎቹ አጋማሽ ያለች ሴት ገባች። ጥቁር ለብሳለች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። "ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገርም የለኝም" አለችኝ። ግፊቷ 150/95 ነበር። ኢሲጂ አነሳናት፣ ደም መረመርናት፤ ልቧ ደህና ነው። ይህን ስነግራት ግን ፊቷ አልተፈታም። ከቦርሳዋ አንድ ፌስታል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ሙሉ ደረሰኝ ነው፦ የአልጋ፣ የኦክስጅን፣ የላብራቶሪ፣ የመድሃኒት። አባቷ ካረፉ ሰባተኛ ሳምንታቸው ነበር።

"ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አባዬን ከግል ሆስፒታል ወደ መንግስት ያዛወርነው ብር ስላለቀብን ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድ ሳምንት ብንጨምር ኖሮ ይድን ነበር?"

ይህን ጥያቄ ሰባት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳትነግር ይዛው ከርማለች። (ታሪኩን የጻፍኩት ፈቅዳልኝ ነው፤ እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

እኛ ሀገር ብዙ ቤተሰብ የሚታከመው ከኪሱ እየከፈለ፣ ሲያልቅበት ደግሞ እየተበደረ ነው። ስለዚህ ሰው ሲሞት ሀዘኑና ዕዳው በአንድ ቀን ቤት ይገባሉ። ችግሩ ሁለቱ ይደባለቁብናል። ዕዳው ሲያስጨንቀን "ሀዘኑ ነው፣ ያልፋል" ብለን ዝም እንላለን። ሀዘኑ ሲበረታ ደግሞ ዕዳውን እንደ ቅጣት እንሸከመዋለን። ዛሬ የምነግራችሁ ሁለቱን እንዴት ለይተን እንደምንይዝ ነው።

1. ሀዘን ሰውነታችንን ምን ያደርገዋል?

ሀዘን በሽታ አይደለም። ሆኖም መላ ሰውነት ይሰማዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እነዚህ የተለመዱ ናቸው፦

✔ እንቅልፍ ማጣት፣ ወይም ሌሊት ሟቹ በሞተበት ሰዓት መንቃት
✔ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የሆድ መረበሽ
✔ ደረት መጨነቅ፣ ጉሮሮ ላይ የሆነ ነገር የተወተፈ መምሰል
✔ መርሳት፤ ስልክ ይዞ ስልክ መፈለግ፣ ያነበቡትን ደረሰኝ መልሶ መልሶ ማንበብ
✔ የሟቹን ድምፅ የሰሙ መምሰል፣ በሩን ከፍቶ የሚገባ መምሰል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "አበድኩ እንዴ?" ብሎ ይደነግጣል። አላበዳችሁም፤ በሀዘን ወቅት ያጋጥማል።
✔ ቁጣ፤ በሀኪሙ፣ በወንድም፣ በሟቹ በራሱ ላይ ሳይቀር
✔ እፎይታ። ለወራት ያስታመመ ሰው "ተገላገለ፣ እኔም ተገላገልኩ" የሚል ስሜት ይመጣበትና ያፍራል። ድካማችሁ ነው የተናገረው፤ ፍቅራችሁ አልቀነሰም።

ስለ "አምስቱ የሀዘን ደረጃዎች" ሰምታችሁ ይሆናል። ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበቻቸው በሞት አፋፍ ላይ ካሉ ህሙማን ጋር ከሰራችው ሥራ ተነስታ ነው። ሁሉም ሰው በተራ የሚወጣው ደረጃ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 የገለጹት ለብዙዎቻችን ይበልጥ ይቀርባል፦ ሀዘንተኛ ይመላለሳል። አንዴ ወደ ሟቹ፣ ወደ ፎቶውና ወደ ለቅሶው ይሄዳል፤ አንዴ ደግሞ ወደ ኑሮው፣ ወደ ቤት ኪራዩና ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጠዋት አልቅሳችሁ ከሰዓት ባንክ ቤት ብትሰለፉ ሟቹን ረሳችሁ ማለት አይደለም።

2. ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚረሳው ጤና

ለቅሶ ቤት ሁሉም ሰው አለ፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ እድርተኛው ይላላካል፣ ቡናው ይፈላል። የእናታችንን የግፊት ኪኒን የሚያስታውስ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ሦስት ቀን መድሃኒት ሳይወስዱ፣ ሳይተኙና በቂ ውሃ ሳይጠጡ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ በአራተኛው ቀን ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ እናቶችን አይቻለሁ።

✔ አንድ ሰው መድቡ። ከልጆች ወይም ከጎረቤት አንዱ ሥራው የሀዘንተኛውን መድሃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ውሃና አጥሚት ማቅረብ ብቻ ይሁን።

✔ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው "ምግብ ስላልበላሁ" ብሎ በራሱ ሙሉ በሙሉ አያቁም። መጠኑን እንዴት እንደሚያስተካክል ሀኪሙን ይጠይቅ፤ ስኳሩም ቶሎ ቶሎ ይለካ።

✔ የደረት ህመምን "ሀዘን ነው" ብላችሁ አትለፉት። የቅርብ ሰው በሞተ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የልብ ድንገተኛ ህመም አደጋ ይጨምራል፤ በተለይ ቀድሞም የልብ፣ የግፊት ወይም የስኳር ህመም ባለባቸው። ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የልብ ጡንቻ ለጊዜው የሚደክምበት "ታኮትሱቦ" የሚባል ህመምም አለ። መጀመሪያ የተገለጸው ጃፓን ውስጥ ነው፤ በብዛት የወር አበባ ያቆሙ ሴቶችን ይይዛል። አብዛኞቹ ያገግማሉ፤ ነገር ግን ከልብ ድንገተኛ ህመም የሚለየው በምርመራ ብቻ ነው።

✔ የጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን አትስጡ። "ትንሽ ትረፍ" ተብሎ ዲያዜፓም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አዛውንቶችን ያንገዳግዳል፣ ይጥላል፤ ከአልኮል ጋር ሲሆን ትንፋሽ ያዳክማል፤ ሲቆይ ሱስ ይሆናል። ለጥቂት ቀን ካስፈለገ እንኳ ሀኪም አይቶ ይዘዘው። ለመተኛት ብሎ መጠጣት፣ ለመርሳት ብሎ መቃምም ነገ የሚያባብስ ነው።

3. "ገንዘብ ቢኖረን ኖሮ ይድን ነበር?"

ወደ እህታችን ልመለስ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አብረን አየናቸው። የሲቲ ስካኑ አንጎል ውስጥ ሰፊ ደም እንደፈሰሰ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍተትም እንደገባ ያሳያል። አባቷ ሆስፒታል ሲደርሱ ስማቸው ሲጠራ አይመልሱም፤ ሲቆነጠጡም የሚሰጡት ምላሽ በጣም ደካማ ነበር። አይሲዩ ውስጥ ዘጠኝ ቀን በመተንፈሻ ማሽን ቆይተዋል። የተዛወሩበት ሆስፒታልም ያንኑ ህክምና ነው የቀጠለው። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

"ማሽኑ ትንፋሻቸውን ይዞ ነበር፤ የተጎዳውን አንጎል ግን መመለስ አይችልም" አልኳት። "ከዚህ ወረቀት የማየው፣ ትልቁ ጉዳት የደረሰው በመጀመሪያው ቀን ነው። አንድ ሳምንት ብትጨምሩ የሚለወጥ ነገር አይታየኝም።"

ዝም አለች። ከዚያ "ይሄን ለወንድሜ ትነግርልኛለህ? 'የፈረምሽው አንቺ ነሽ' ይለኛል" አለችኝ። ይዛው እንድትመጣ ነገርኳት። በሳምንቱ መጣ፤ እሱም የሚጠይቀው ነገር ነበረው። እሱ የሚያስበው "ታክሲ ፍለጋ ያጠፋነው ሁለት ሰዓት ነው የገደለው" እያለ ኖሯል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው፣ ሁለት የተለያየ ጥፋት ተሸክሞ፣ አንዱ ላንዱ ሳይነግር።

እናንተም እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ካላችሁ ለብቻችሁ አትያዙት፦

✔ ያከመውን ሆስፒታል የህክምና ማጠቃለያ ጠይቁ።
✔ ከተቻለ ያከመውን ሀኪም አግኙ። ካልተቻለ ማጠቃለያውን ይዛችሁ ሌላ ሀኪም ጋ ሂዱ።
✔ ሦስት ጥያቄ ጽፋችሁ ያዙ፦ የሞቱ ምክንያት ምንድን ነው? ሲደርስ በምን ሁኔታ ላይ ነበር? ያልተደረገው ወይም የተቋረጠው ህክምና ምን ሊለውጥ ይችል ነበር?

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። መልሱ ሁልጊዜ አያጽናናም። በሳምንት ሦስት ጊዜ የታዘዘ የኩላሊት እጥበት ብር አልቆ ወደ አንድ የወረደበት ቤተሰብ አለ። እዚያ ጋ "ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር" ብዬ አልዋሽም። ያኔ የምለው ይሄን ነው፦ ማጣት እና መጨከን አንድ አይደሉም። ያላችሁን ሰጥታችኋል፤ የነፈጋችሁት ነገር የለም። አንድ ቤተሰብ ለህክምና መክፈል ሲያቅተው ያ የሀገር ጉዳይ ነው፤ የአንዲት ልጅ ጥፋት ሆኖ ሊጻፍ አይገባም።

4. ዕዳውን እንዴት እንያዘው?

እኔ ሀኪም ነኝ፤ የህግ ወይም የባንክ ባለሙያ አይደለሁም። ታካሚዎቼን የጠቀሟቸውን ነገሮች ግን ላካፍላችሁ።

ሀ. በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቅ ውሳኔ አትወስኑ። እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ሂሳብ ላይ ይሳሳታል። ቤት መሸጥ፣ መኪና መሸጥ፣ ከአራጣ አበዳሪ መውሰድ ቢያንስ እስከ አርባው ይቆይ። የግድ ከሆነም ብቻችሁን አትፈርሙ፤ ከሀዘኑ ትንሽ ራቅ ያለ፣ የምታምኑት ሰው አብሯችሁ ያንብብ።

ለ. ወረቀቱን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቡ። ከሆስፒታሉ ዝርዝር ሂሳብ ጠይቁ፤ ጠቅላላ ድምሩ ብቻ አይበቃም። ቀኖቹን፣ ሁለቴ የተጻፈ ነገር መኖሩን፣ ስትገቡ ያስያዛችሁት ገንዘብ መቀነሱን እዩ። ግር ያላችሁን በትህትና ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። በአንዴ መክፈል ካልቻላችሁ በየወሩ ስንት እንደምትችሉ ጽፋችሁ አስተዳደሩን አነጋግሩ፤ የተስማማችሁበትንም በወረቀት ተቀበሉ። የሶሻል ወርክ ክፍል ያላቸው የመንግስት ሆስፒታሎች አሉ፤ እነሱንም ጠይቁ።

ሐ. ዕዳውን ለሦስት ክፈሉት። አንድ ደብተር ያዙና ሦስት ዓምድ አስምሩ፦

✔ ሟቹ በራሱ ስም የተበደረው። ይሄ መጀመሪያ የሚታየው ሟቹ ከተወው ንብረት ላይ ነው። ስለዚህ ውርስ ከመከፋፈላችሁም ሆነ "እኔ እከፍላለሁ" ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የህግ ባለሙያ አማክሩ።
✔ እናንተ የፈረማችሁበት ወይም ዋስ የሆናችሁበት። ይሄ የእናንተ ነው፤ ቅድሚያ ስጡት።
✔ ከዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከሥራ ባልደረባ የመጣው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ብድር ይሁን ስጦታ ግልጽ አይደለም። እህታችን አክስቷ 20,000 ብር ስለሰጠቻት ለሁለት ወር ስልኳን አታነሳም ነበር። ደፍራ ስትጠይቃት አክስቷ "ለወንድሜ ያደረግኩት ነው፤ ምን ብድር አለው?" አለቻት። ጠይቁ። ብድር ከሆነም መቼ እንደምትችሉ ተናገሩ። ዝምታ ዝምድና ያበላሻል።

ዱባይ ወይም ቤሩት ሆና ደመወዟን ስትልክ የከረመችውን እህትም አትርሷት። መርዶው ዘግይቶ የደረሳት፣ ቀብር ላይ ያልቆመች፣ አሁንም "ስንት ቀረ?" ተብላ የምትጠየቅ እሷ ናት። ስትደውሉላት ስለ ብር ብቻ አታውሩ። አብራችሁ አልቅሱ።

መ. የሚገባችሁን አስከብሩ። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ህጉ ይደነግጋል። ሆስፒታሉ የሚሰጠውን የሞት ማስረጃ ይዛችሁ ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ለባንክ፣ ለጡረታና ለውርስ ጉዳይ የምስክር ወረቀቱን ትጠየቃላችሁ። ሟቹ የጡረታ ባለመብት ከነበረ ለባል ወይም ሚስት፣ ለትንንሽ ልጆች የተተኪ አበል መኖሩን አረጋግጡ። መሥሪያ ቤቱ ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም ኢንሹራንስ እንዳለ ጠይቁ። የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብም አንብቡ፤ ከድንኳንና ከወንበር ሌላ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጡ እድሮች አሉ።

ሠ. በማህበራዊ ሚዲያ ገንዘብ አሰባስባችሁ ከነበረ ህልፈቱን አሳውቁ፣ አመስግኑ፣ ማሰባሰቡን ዝጉ። የታማሚን ፎቶ ወስደው በሌላ የባንክ ቁጥር የሚለምኑ አጭበርባሪዎች አሉ። ግልጽ ካደረጋችሁ ሰው አይታለልም።

ረ. ተዝካሩም ሆነ ሰደቃው በአቅም ይሁን። ይህን የምለው በአክብሮት ነው። "በህይወት እያለ አላዳንኩትም፣ በሞቱ ላሳምርለት" ብሎ እንደገና የሚበደር ሰው አይቻለሁ። ያንን የሚያስደርገው የጥፋተኝነት ስሜት ነው፤ ድግሱ ካለቀ በኋላም ስሜቱ አብሮ ይቆያል። ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከኢማማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ሰ. በራሳችሁ ህክምና ላይ አትቆጥቡ። ዕዳ ለመክፈል ብሎ የግፊት ወይም የስኳር መድሃኒቱን ያቋረጠ ሰው ሌላ ትልቅ ሂሳብ እያዘጋጀ ነው። መደበኛ ደመወዝ የሌላችሁ ከሆናችሁ በወረዳችሁ ስለ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ጠይቁ፤ በዓመት መዋጮ ቤተሰቡን ይሸፍናል። ያለፈውን ሂሳብ አይከፍልም፤ ለሚመጣው ግን ይጠቅማል። አገልግሎቱ የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ስለሆነ ሪፈሩን ጠብቁ።

5. መቼ ነው ሀኪም ማየት ያለብን?

ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል፦

✔ የደረት ህመም፣ በተለይ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለው
✔ ራስን መሳት፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የፊት መጣመም፣ ንግግር መያዝ
✔ የስኳር ታማሚ ሆኖ መድሃኒት ያቋረጠና የሚያስመልሰው
✔ ጨርሶ መብላትና መጠጣት ያቆመ
✔ "ከእሱ ጋር በሞትኩ"፣ "እኔ ብሞት ዕዳው ይቀርላቸዋል" የሚል ሀሳብ። ይህን ከሰማችሁ ፊት ለፊት "ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ ያስተነፍሳል። ብቻውን አትተዉት፤ መድሃኒትና መርዝ ከአጠገቡ አርቁ፤ ይዛችሁት ሂዱ።

አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል 907 አለ።

በቀጠሮ፦ ሳምንታት አልፈውም ሥራ መሥራት፣ ልጆችን መንከባከብ፣ ገላን መታጠብ ካቃተ፤ ምንም ነገር ደስ የማይል፣ "ዋጋ የለኝም" የሚያሰኝ ስሜት ከሰፈረ፤ ወይም መጠጥና ጫት ከበዛ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ሀዘኑ ከስድስት ወር በላይ በመጀመሪያው ቀን ጥንካሬ ከቀጠለና ኑሮን ካቆመ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የተራዘመ ሀዘን ብሎ የሚጠራው ህመም ሊሆን ይችላል። የእኛ ባህል ለረጅም ጊዜ እንድናዝን ይፈቅዳል፤ ዓመት ሙሉ ጥቁር መልበስ ብቻውን ህመም አይደለም። መለኪያው ቀስ በቀስ ወደ ኑሮ መመለስ አለመመለሳችሁ ነው። ለሁለቱም ህክምና አለ። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ሆስፒታልም አለ።

6. ለቅሶ ለምንደርስ ሰዎች

"ስንት ብር ጨረሰባችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ውጭ ብትወስዱት ኖሮ" አትበሉ። "በቃ ቻዪው" ከማለት ዝም ብሎ አጠገቧ መቀመጥ ይሻላል። ብር ስትሰጡ ብድር ይሁን ስጦታ እዚያው ተናገሩ። ደግሞ ድንኳኑ ሲፈርስ ጠፍታችሁ አትቅሩ፤ ቤቱ ጭር የሚለው ያኔ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡላቸው፤ ሆስፒታሉ የሂሳብ ክፍል ሲሄዱ አብራችሁ ተሰለፉ። እዚያ መስኮት ላይ ለብቻ መቆም ከባድ ነው።

እህታችን ባለፈው ሳምንት ለግፊቷ ክትትል መጥታ ነበር። 132/84። አሁን አምስት ሰዓት ያህል ትተኛለች። ዕዳው አላለቀም፤ ከወንድሟ ጋር ተካፍለው በየወሩ እየከፈሉ ነው። ፌስታሉን "የት አደረግሽው?" ስላት "ደረሰኙን ደብተሩ ውስጥ አያያዝኩት፤ የአባዬን ፎቶ ግን ለብቻ አስቀመጥኩት" አለችኝ።

ቤታችሁ ያለውንም እንዲሁ ለያይታችሁ አስቀምጡት። ደረሰኙን ለብቻ፣ ሰውየውን ለብቻ።

ሀዘን ላይ ላለ ወዳጃችሁ ይድረሰው፤ ሼር አድርጉት። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።